ጣሪያ ባለው ድልድይ ላይ የቆመ ሽምግልና

በሕይወቴ ሽማግሌ ሆኜ የተላክሁት ለአንድ ጋብቻ ብቻ ነው፤ የተመረጥሁትም በአስተዋይነቴ አልነበረም። ሚኒቫኔ ሰፊ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛዬም ከሌሎቹ ስለሚሻል ነው። ይህን ፊት ለፊት የነገረችኝ ታላቅ እህቴ ናት። «አንተ ትነዳለህ፤ እነሱ ሲናገሩ ትተረጉማለህ። ሌላ ነገር ውስጥ እንዳትገባ» አለችኝ። እኔ ደግሞ የማርፈው ቅዳሜ ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ኒው አልባኒ መጋዘን ውስጥ ከካርቶንና ከሠራተኛ ጋር ስጨቃጨቅ ከርሜ ቅዳሜ ጠዋት ክራባት ማሰር ለእኔ ቅጣት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ከፒከሪንግተን ወጣ ብሎ እርሻው በሚጀምርበት በኩል ያደገች አንዲት የኦሃዮ ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ለሁለቱ ጉዳዩ ያለቀ ነበር። ቀለበት አስረዋል፣ አዳራሽ እያዩ ነው። እህቴ ግን «ሽማግሌ ሳይላክ፣ አባትየው ከልቡ ሳይፈቅድ ሠርግ የሚባል ነገር አላውቅም። ብትጋቡም አልመጣም፣ አልመርቅምም» ብላ ቁርጡን ተናገረች።

«ማም፣ እዚህ እንደዚህ አይደረግም፤ ፕሊስ» አላት ልጁ።

«እዚህ የምትለው የት ነው? እኔ ያለሁበት ነው እዚህ!»

እህቴ በከንቱ ድርቅ የምትል ሴት አይደለችም። ባሏ የሞተው ልጁ ገና መራመድ ሲጀምር ነበር። ሂልቶፕ ሰፈር በተከራየቻት ጠባብ ቤት፣ ቀን አረጋውያን እየተንከባከበች፣ ማታ ቢሮ እያጸዳች ብቻዋን ነው ያሳደገችው። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አባት የሌለው ልጅ ነውና ሽማግሌ የሚልክለት እንኳ አጣ» የሚል ወሬ። ልጁ ደግሞ እናቱ የማትገኝበትን ሠርግ አያስበውም። ስለዚህ ትዳሩ በሙሉ በእኛ ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ ማለትም በሁለት ሽማግሌዎችና በአንድ ሚኒቫን።

ዋናው ሽማግሌ እኛ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ኮሎምበስ ውስጥ የተጣላ ባልና ሚስት እርሳቸው ሳይደርሱበት ፍርድ ቤት አይሄድም። ሲናገሩ ረጋ ብለው ነው፤ ሲያበቁ ግን አይታወቅም። ሁለተኛው የእህቴ ጎረቤት የሆኑ የወሎ ሰው ናቸው፣ ሐጂ። እህቴ ጴንጤ፣ ሐጂ እስላም፣ ጋሼ ደግሞ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ይህ ግን ለማንም ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ሐጂን የጋበዘቻቸው ለምርቃታቸው ነው። እርሳቸው የመረቁት ትዳር አይፈርስም ይባላል፤ ጋሼም ይህን ሲሰሙ ትንሽ ቅር ይላቸዋል።

ልጅቷ ቀደም ብላ፣ «ዳዲ ቅዳሜ ቤት አይገኝም፤ ድልድዩ ላይ ነው የምታገኙት» ብላን ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ፣ «ድልድይ ላይ ሽምግልና? ይሁና፤ አገሩ የእነሱ ነው» አሉ።

በቆሎው ታጭዶ ባለቀበት ወቅት ነበር የሄድነው። ድልድዩን ሳየው ድልድይ አልመሰለኝም፤ መንገድ ላይ የተረሳ ረጅም ጎተራ እንጂ። ግድግዳው በቀይ ቀለም የተቀባ ሳንቃ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት። ከሥሩ አንዲት ቀጭን ወንዝ ትሄዳለች። ለመኪና ከተዘጋ ቆይቷል። አባትየው ውስጥ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጡረታ የወጣ አናጢ። ሚስቱ ከሞተች ጥቂት ዓመት ሆኗታል፣ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ድልድዩን በነጻ ይጠግናል። ሦስት ሱፍ የለበሱ ሰዎች፣ አንዱ ባለ ነጭ ቆብ፣ ሌላው ባለ ከዘራ፣ ሲገቡበት መዶሻውን አስቀመጠና የሚታጠፍ ወንበር ዘረጋልን። ቀዝቃዛ መጠጥም አወጣ።

ሽማግሌ ደግሞ ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም፣ የሰው ቤት ነገርም አይቀምስም። ጋሼ ከዘራቸውን ተደግፈው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሐጂም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑ። ሰውየው ወንበሩን አየ፣ እኛን አየ። «እንግዲህ መቆም ከወደዳችሁ ይህችን ያዙልኝ» ብሎ የአንድ ረጅም ሳንቃ ጫፍ እጄ ላይ አኖረ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ ዛሬ ከፊትዎ የቆምነው በፈጣሪ ፈቃድ፣ በአገራችን ወግ፣ ቤታችንን ከቤትዎ እንዲያዛምዱልን፣ ልጃችንን ልጅ እንዲያደርጉልን፣ እግርዎ ሥር ወድቀን ልንለምን ነው» አሉ። ከዚህ በጣም ይረዝም ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳጠርኩት። ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰውማ ከዚህም አሳጠርኩት፤ «ልጅህን ለልጃችን እንፈልጋለን» አልሁ። ግልጽና ቀልጣፋ፣ በእንግሊዝኛ እንደሚባለው። በራሴ ደስ አለኝ።

ሰውየው መሬት መሬት ያይ ጀመር። ከዚያ ቀና ብሎ ጋሼን፣ «ሄይ ባዲ፣ ስለዚህ ድልድይ የምታውቀው ነገር አለ?» አላቸው።

«ክቡር ወንድሜ፣ ስለዚህ ድልድይ ሰምተው ያውቁ ይሆን ወይ ይላሉ» ብዬ ተረጎምሁ። ጋሼን እንደ እኩያ ጓደኛ «ባዲ» ብዬ ብጠራቸው እህቴ ጋ ሳልደርስ ወሬው ይደርሳል።

ጋሼ ሊመልሱ ሲሉ ሐጂ ቀደሟቸው። ከገባን ጀምሮ ወደ ላይ አንጋጠው ጣሪያውን ሲመረምሩ ነበር። «ጠይቅልኝ እስቲ፤ ውሃ ላይ የተሠራ ነገር ዝናብን ምን ብሎ ይፈራል? ድልድይን ቤት የሚሠሩለት ለምንድን ነው?»

የሰውየው ፊት በራ። ሙሽራ ሲገባ እንኳ እንዲህ የሚበራ ፊት አላየሁም። ሰው ሁሉ ፈረስ ወንዙን አይቶ እንዳይደነብር ነው ይላል፣ አንዳንዱም ወጣቶች ተደብቀው እንዲሳሳሙ ነው ይላል፤ ሁሉም ተረት ነው አለ። ጣሪያው የተሠራው ለሰው አይደለም፣ ለእንጨቱ ነው። ከሥር የሚሄደው ውሃ እንጨቱን አይነካውም፤ የሚገድለው ከላይ ወርዶ መጋጠሚያው ውስጥ የሚተኛው ዝናብ ነው። ጣሪያ የሌለው የእንጨት ድልድይ ልጅ ሳያድግ ይበሰብሳል፤ ጣሪያ ያለው ግን የልጅ ልጅ ያሻግራል። ድሮ ኦሃዮ ውስጥ ዛፍ ሞልቶ፣ ብረት ደግሞ ውድ በነበረበት ዘመን እንዲህ ያለ ድልድይ በየወንዙ ነበር። ቁመቱን የሚወስኑት ድርቆሽ በተቆለለበት ጋሪ ነበር። ከዚያ ጎርፍ ወሰደው፣ እሳት በላው፣ ከባድ መኪና ሰበረው፣ የቀረውንም በሲሚንቶ ለወጡት። «ይኼኛው ተርፏል» አለና ምሰሶውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ማሻአላህ፤ ቤት የተሠራለት ድልድይ!» አሉ ሐጂ። ጋሼ በቁጣ አዩአቸው፤ እኛ የመጣነው ለድልድይ አይደለም።

ጋሼ እንደገና ጀመሩ። «ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመለስ…» እኔም «ስለ ልጅህ…» ከማለቴ ሰውየው፣ «ሦስት ማዕዘን ነው ሚስጥሩ!» ብሎ አቋረጠኝ። ከዚያ የሆነውን እስካሁን ለማንም በደንብ አላወራሁትም። ጋሼንና ሐጂን ፊት ለፊት አቆማቸው፣ እጅ ለእጅ አጋጥማቸው፣ እግራቸውን ወደ ኋላ አርቀው አንዱ በሌላው ላይ እንዲደገፍ አደረገ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሱፍ ልብሳቸው እንደ ቤት ክዳን ቆሙ። እግራቸው ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር፣ «አየህ? ታች የሚይዛቸው ግንድ ያስፈልጋል። ግንዱ አንተ ነህ» አለኝ። ወለሉ ላይ ተዘርግቼ በአንድ እጄ የጋሼን ቁርጭምጭሚት፣ በሌላው የሐጂን ያዝሁ። የመሣሪያ ቦርሳውን አምጥቶ በተጋጠመው እጃቸው ላይ አንጠለጠለ። «ይኼ መካከለኛው ምሰሶ ነው። ለሰው ከታች የቆመ ይመስለዋል፤ ግን ከላይ የተሰቀለ ነው። ክብደት ሲጨምር ሁለቱ ይበልጥ ይጣበቃሉ።» እውነትም ይጣበቁ ነበር፤ ላባቸው እኔ ላይ እየተንጠባጠበ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ተቀመጥሁ፤ ወግ አፈረስን» አልሁ ከታች።

«አልተቀመጥክም፣ ተኝተሃል። ዝም ብለህ ያዝ!»

ሊመሽ ሲል ያለ ምንም መልስ አሰናበተን። እኔ ተናድጄ ሱሪዬን አራግፋለሁ፣ ጋሼ ግን መኪና ውስጥ ፊታቸው ሁሉ ጥርስ ሆነ። «አያችሁልኝ? በጀመርኩ ቁጥር ያቋርጠኛል! እሺ አላለ፣ እምቢ አላለ፣ አቁሞ አዋለን፣ አደከመን፣ ባዶ እጃችንን መለሰን። የሴት ልጅ አባት እንዲህ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ በመጀመሪያው ቀን እሺ ብሎ ምሳ ያበላል እኮ! ይህን ወግ የሚያውቅ ሰው ኦሃዮ ውስጥ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም።» ሐጂም «የጨዋ ልጅ ናቸው» አሉ።

እህቴ መልስ አለመገኘቱን ስትሰማ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «እንዲህ ነው ቤተሰብ! ልጁን አያቀልም!» የእህቴ ልጅ ግን እኔን ኮል አደረገኝ። «አጎቴ፣ ወግ አይደለም። እሷም ስትጠይቀው ስለ ድልድዩ ነው የሚያወራት። ኖ ማለት አፍሮ ነው።»

አላመንኩትም፤ ሁለተኛው ቅዳሜ እስኪመጣ። ያን ቀን ልጅቷም ነበረች። አባትና ልጅ ከግድግዳው ሥር የበሰበሰ ግንድ እየጠገኑ ነበር። ግንዱን ሙሉውን አይጥሉትም፤ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጠው፣ በጤነኛው ጫፍ ላይ አዲስ የኦክ እንጨት አሰካክተው በእንጨት ችንካር ያያይዙታል። ሰውየው፣ «ጤነኛ እንጨት ጥለህ አዲስ ድልድይ ከሠራህ አልጠበቅኸውም፣ ቀበርኸው እንጂ» ይላል። እኔ ግን እንጨቱን አልነበረም የማየው። አይነጋገሩም። እሱ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ እሷ ችንካሩን ታስጨብጠዋለች። እሱ አንዱን ጫፍ ሲያነሣ እሷ ሌላውን አንሥታለች። ጋሼ ንግግራቸውን በጀመሩ ጊዜ፣ እኔም እንደ ልማዴ «ልጅህን እንፈልጋለን» ባልሁ ጊዜ፣ ሰውየው ወደ እሷ አየና ቶሎ ፊቱን አዞረ። ወዲያው ስለ ምስጥ ማውራት ጀመረ። ያኔ ገባኝ። ወግ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

ስንመለስ ለጋሼ ነገርኳቸው። «ይኼ ሰው ወጉን አያውቅም፤ ልጁን መስጠት አልቻለም፣ ብቻውን ሊቀር ነው።»

«አንተ ገና ልጅ ነህ፣ አይገባህም» አሉኝ። ሃምሳ ዓመት አልፎኛል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ልጅቷ አልመጣችም። ሰውየው ከጣሪያው ሥር መሰላል ላይ ወጥቶ፣ የበረዶው ወራት ሳይገባ የግድግዳውን ሳንቃ ሊጨርስ ይጣደፋል፤ ብቻውን ስለሆነ ሳንቃው እየተንሸራተተ ያስቸግረዋል። ሳይጠይቀኝ ሄጄ ከራሴ በላይ ደግፌ ያዝሁለት። ክንዴ ይንቀጠቀጣል፣ ክራባቴ ዓይኔ ላይ ወድቋል፣ የዝናብ ውሃ በእጅጌዬ ገብቶ ብብቴ ደርሷል፣ የእረፍት ቀኔ ደግሞ እየተቃጠለ ነው። ጋሼ በዚሁ መሃል ከዘራቸውን ተክለው ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ በፈጣሪ ፈቃድ፣ በአገራችን ወግ። የማሳጠር አቅም አልነበረኝም። ለማሳጠር ማሰብ ያስፈልጋል። እሳቸው ያሉትን ቃል በቃል፣ እያቃሰትሁ፣ እንደወረደ ወደ ላይ ወረወርሁለት። «በፈጣሪ ፈቃድ ይላሉ። በአገራችን ወግ ይላሉ። ቤታችንን ከቤትህ አዛምድልን ይላሉ። ልጃችንን ውሰድና ልጅህ አድርገው ይላሉ። እግርህ ሥር ወድቀን እንለምንሃለን ይላሉ።»

መዶሻው ቆመ። ሰውየው ከመሰላሉ ላይ ቁልቁል አየኝ።

«ምን አድርገው ነው ያሉት?»

«ልጅህ። ልጃችንን ልጅህ አድርገው።»

«ዛሬ ነው እንዲህ ያሉት?»

«ሁልጊዜም የሚሉት ይህንኑ ነው» አልሁ፤ ክንዴ ሊገነጠል ነው።

ቀስ ብሎ ወረደ። ሳንቃውን እኔ ላይ ትቶ ነው የወረደው፤ ያንን አልረሳለትም። ጋሼ ፊት ቆመ፣ ቆቡን አወለቀ። «እኔ ልትወስዷት የመጣችሁ መስሎኝ ነበር» አለ። ይህንን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ተረጎምሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰውየው አፍንጫውን በጓንቱ ጠረገና ወደ እኔ ዞሮ ጠየቀ፤

«ልጁ ቅዳሜ ሥራ አለው?»

«የለውም» አልሁ። ቢኖረውም የለውም ነበር የምለው።

«እንግዲያው እሺ» አለ።

ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። ትዳሩን መረቁ፣ ልጆቹን መረቁ፣ አባትየውን መረቁ፣ ከዚያም አላቆሙም፤ ምሰሶውን፣ ችንካሩን፣ ቆርቆሮውን አንድ በአንድ መረቁ። ሰውየው ቃሉን ባይሰማም በየመሃሉ ከጋሼ ጋር «አሜን» ይል ነበር። ሳንቃውን ማን እንደያዘ ያስታወሰ አልነበረም።

ሠርጉ ሆነ፣ እህቴም መረቀች፤ እልልታዋ ከአዳራሹ ውጭ ይሰማ ነበር። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ያ «ልጅህ አድርገው» የሚለው ቃል የሽምግልና ማሳመሪያ ነው። ሲባል ኖሯል፣ ማንም ቃል በቃል ይዞት አያውቅም። ሰውየው ግን ይዞታል። ቅዳሜ ጠዋት ጭነት መኪናውን አስነሥቶ ሂልቶፕን አቋርጦ የእህቴን ልጅ ከቤቱ ይወስደዋል፤ ሚስቱን ሳይሆን እሱን! እሷ ስትፈልግ ተከትላ ትሄዳለች፣ ካልፈለገች ትተኛለች። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የኖረ ልጅ ሚስማር እንኳ መትቶ አያውቅም። ማታ ጣቱ አብጦ፣ ጸጉሩ ውስጥ ሰጋቱራ ሞልቶ ይመለሳል።

እህቴ ነደደች። «ልጄን ወሰዱብኝ! ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ነበር የሚበላው። ሽማግሌ ልኬ ልጅ አመጣለሁ ስል ልጅ ሰጥቼ መጣሁ?» ጥፋቱም የእኔ ሆነ፣ እኔ ነኛ የተረጎምኩት። «ማን ቃል በቃል ተርጉም አለህ?» አለችኝ። ይሄን የምታክል ግፍ! በሳምንቱ ራሷ ልትሄድና ነገሩን ልታስቆም ቆርጣ ተነሣች። የሄደችው በማን መኪና እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ቀኑም ቅዳሜ ነበር።

መንገድ ላይ የምትለውን ስትለማመድ ሄደች። ስንደርስ ከድልድዩ አፍ ላይ ቆምን፤ ውስጥ ያሉት አላዩንም። ልጅየው ያለ ጓንት እንጨት ሲገፋ ስንጥር መዳፉ ውስጥ ገብቶበታል። አማቱ እጁን ነጥቆ፣ ወደ ብርሃኑ አዙሮ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስንጥሩን ያወጣለታል፤ እያወጣለትም ይቆጣዋል። ስንቴ ነው የነገርኩህ፣ ጓንትህ የት አለ፣ እጅ ሁለት ብቻ ነው የተሰጠህ። ድምፁ ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ያ ሙሉ ሰው፣ ባለትዳር፣ አንገቱን ደፍቶ እሺ፣ እሺ ይላል።

አሁን ጉድ ፈላ አልሁ፤ እህቴ ልጇን ሌላ ሰው ሲቆጣው ዝም የምትል ሴት አይደለችም። እጇን ለመያዝ ተዘጋጀሁ። እሷ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። የተለማመደችውን ሁሉ ዋጠችው። እያየች ቆየች፤ እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም።

«ተቆጣልኝ» አለች።

ስንመለስ ብሮድ ጎዳና ላይ መብራት ያዘን። «ታውቃለህ» አለች ወደ መስኮቱ እያየች፣ «እነዚያን ሽማግሌዎች ልጄ ትምህርት ቤት ሳይገባ ነበር መላክ የነበረብን።»